የአዲስ አበባ ቦታና ቤት በዘመናት አዋጆች

በቀድሞው ዘመን ስለ ርስትና ስለ ግብር አዲስ ሥርዓት በወጣ ጊዜ፣ አዋጅ ነጋሪው ሕዝብ በሚሰበሰብበት የገበያ ቀን ነጋሪቱን አስጎስሞ፣ ሻጩም ሸማቹም ጸጥ ካለ በኋላ፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እያለ ቃሉን ያደርስ ነበር። በዚህም ልማድ ሕጉን ማወጅ የመንግሥት፣ የታወጀውን ማዳረስ ደግሞ የሰሚው ሁሉ ግዴታ ነበረ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱ በተመሩት ቦታ ከነጭፍራቸው ሰፈሩ፤ ራስ ብሩ ሰፈርና ደጃች ውቤ ሰፈር እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ። ኋላም በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ስለ ከተማው መሬት ደንብ አውጥተው ቦታ በግል እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና እንዲለወጥ በፈቀዱ ጊዜ፣ በቃልና በምስክር ይጸና የነበረው ይዞታ በወረቀት መጽናት ጀመረ። ባለቦታውም ያን ወረቀት በጨርቅ ጠቅልሎ ከሣጥኑ ግርጌ አኖረው።

በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ሲቋቋም አዋጅ ከአደባባይ ወደ ኅትመት ተሻገረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ አዘዘ፤ ስለ ንብረቱ መዝገብ የደነገገው አንቀጽ ግን በዚያው ሕግ በቁጥር 3363 ታግዶ ስለ ቆየ፣ ብዙ ሰው በጎረቤት ምስክርነት የመንደር ውል እየተዋዋለ ኖረ።

ከዚህ በኋላ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ የቤት መሥሪያ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በኪራይ ስታድር የኖረች መበለት ትርፍ ቤቷን አጣች፤ ተከራይዋ ደግሞ በዚያው ቀን ከባለቤት ጭሰኝነት ወጥቶ፣ ኪራዩ ከ100 ብር የማይበልጥ እንደ ሆነ የቀበሌ ተከራይ ሆነ። አንዱ አዋጅ በአንድ ግቢ ውስጥ ለአንዱ ሐዘን፣ ለሌላው እፎይታ ነበረና፣ ሁለቱም የሕጉን ቃል አጥርተው ማወቅ ነበረባቸው።

በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ሥሪት መጣ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ደነገገ። የሊዝ አዋጁ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. ተለወጠ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ አዘዘ።

እንግዲህ አያት በርስት ያገኘውን ቦታ አባት በይዞታ፣ ልጅ በሊዝ ሲይዘው፣ ድንበሩ ሳይነቃነቅ መብቱ ሁለት ጊዜ ተለውጧል። በዚህ ሁሉ የሚጎዳው ይልቁንም ጋዜጣው የማይደርሰው፣ የመንደር ውሉን አምኖ የዕድሜውን ጥሪት ያፈሰሰ ሰው ነው። ስለዚህ መንግሥት አዋጁን ሁሉ በሚያስተውለው ቋንቋ ያስነግር፤ የተማረውም ሰው በየወሩ ከሚሰበሰበው እድሩ ፊት ቆሞ ስለ ቤትና ስለ ቦታ የወጣውን አዲስ ሕግ ያንብብ፤ በሽያጭ ውል ላይ በምስክርነት የሚፈርሙት እነዚያው የእድር ሽማግሎች ናቸውና።