ቅቤና ሹሩባ ወደ ባሕር ሲወርዱ

ጅቡቲ የገባ የደጋ ሰው ሙቀቱን ከለመደ በኋላ እንኳ አንድ ነገር አይለምድም፤ ማበጠሪያ ላይ የሚቀረውን ጠጉር። በሰኔና በሐምሌ ከምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሲነሣማ ይብሳል። የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው። አንዷ የሰው ዓይን ነው ትላለች፤ ሌላዋ ውሃው ነው ትላለች፤ ሦስተኛዋ «ቅቤ ቢኖር ኖሮ» ብላ ትተክዛለች። እኛም ነገሩን ከታሪኩ ጀምረን ለማየት ወደድን።

ቅቤ መቀባት ከንቱ ጌጥ አልነበረም። ጥምዝ ጠጉር፣ የራስ ቆዳ የሚያወጣው ወዝ እስከ ጫፉ አይደርስለትም፤ በየጥምዙ ይቀራል። ስለዚህ ጫፉ ደርቆ ይሰበራል። አያቶቻችን ይህን በመጽሐፍ ሳያነቡ ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር አሽተው አናታቸው ላይ ያኖሩት ነበር፤ ፀሐይ ሲወጣ ቀልጦ ወደ ትከሻ ይወርዳል። በ1830ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የኖረው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስም ባዶ እግሩን እየሄደ፣ ጠጉሩን ቅቤ እየተቀባ እንደ አገሬው ኖሯል።

ሹሩባም የሴት ብቻ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስም ጠጉራቸውን የተሠሩ ነበሩ። ሥራው እንዳይበላሽ ሌሊት አንገትን በብርኩማ ላይ ማሳረፍ ልማድ ነበር። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ ከአስከሬናቸው ጠጉር ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በኋላም ለንደን በሚገኘው የብሔራዊ ጦር ሙዚየም ሲቀመጥ ኖሮ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ጠጉር ተራ ነገር ነው የሚል ካለ ይህን ያስብ።

ለልጆች ደግሞ ሌላ ሥርዓት ነበር። ወንዱ ቁንጮ ይተውለታል፤ ልጃገረዷ ሳዱላ ናት፤ መኻል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ታስቀራለች፣ የምታሳድገውም ስታገባ ነው። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚንቁ አሉ። እኛ ግን አንድ ጥቅም እናይበታለን፤ የልጅ ራስ ብዙ ሳይጎተት ያድግ ነበር። ዛሬ የአምስት ዓመት ልጅ ሰው ሠራሽ ጠጉር ተቀጥሎላት ዓይኗ እስኪቀጭጭ ስትሠራ እናያለን። ጠጉር ለዓመታት በኃይል ሲሳብ ሥሩ ይቆስላል፤ ቁስሉ በጠባሳ ከተተካ በኋላ ምንም ቢቀቡት አይበቅልም። መጀመሪያ የሚሳሳው በግንባርና በጆሮ አጠገብ ያለው ነው። ይህ የእኛ ዘር ዕጣ ብቻ እንዳይመስል፣ ሕመሙ ቀድሞ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1907 ጠጉራቸውን አጥብቀው በሚያስሩ በግሪንላንድ ሴቶች ላይ ነው።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ደገኛ ወደዚህ ባሕር መውረዱ ቀለለው። ቅቤውም አብሮ ወረደ። ታዲያ እዚህ ለምን አልሠራም? ቅቤ ለብርድ አገር ብቻ ነው እንዳንል አፋር ጎረቤቶቻችን አሉ፤ ጎልማሶቻቸው በቅቤ ያሸበረቀ ጥምዝ ጠጉር በዚሁ ሐሩር ሲያሳምሩ ኖረዋል። ልዩነቱ ያለው ውሃው ላይ ነው። የከተማው የጉድጓድ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ሥር የሚወጣ፣ የባሕሩም ጨው የሚደባለቅበት ነው። በዚህ ውሃና በልብስ ሳሙና የታጠበ ጠጉር ይሻክራል። ቅቤ ደግሞ ውሃ አይሰጥም፤ ያለውን እርጥበት እንዳይወጣ ይከድናል እንጂ። በደረቀ ጠጉር ላይ ቢቀቡት ድርቀቱን ነው የሚከድነው።

የሶማሌ ሴቶች መላውን ያውቁታል። ቃሲል የሚሉት የቁርቁራ ቅጠል ዱቄት ነው፤ በውሃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፣ ጠጉርንም ሳያሻክር ያጠራል። የእኛ እንዶድም አረፋ አለው፤ ነገር ግን ለሸማ ይሁን፣ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። በቃሲል ታጥቦ፣ ከተገኘ በአንድ ጣሳ ጨው አልባ ውሃ ተለቅልቆ፣ ገና እርጥብ ሳለ ትንሽ ቅቤ ወይም የሰሊጥ ዘይት ጫፉ ላይ መቀባት ነው። የአናት ቆዳ ብዙ አይፈልግም።

በድንገት በእፍኝ የሚረግፈው ግን ሌላ ነው። በረሃ ያቋረጠ፣ የተራበ፣ በወባ የነደደ፣ የወለደች ወይም ሐዘን የወደቀባት ሰው ጠጉሩ የሚረግፈው ያኔውኑ ሳይሆን ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ሰውዬው እዚህ ገብቶ ተቀምጧልና ጥፋቱ ሁሉ በጅቡቲ ይላከካል። በዚህ ምክንያት ስንት እኅት ተረገምሁ ብላ ራሷን ተላጭታለች! ሥሩ አልሞተም፣ ዐርፏል እንጂ። ምግቧ ሲስተካከል፣ ምስር፣ ባቄላና እንቁላል ስታገኝ፣ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው፣ ቅባትም አያፋጥነውም። ክብ ክብ እየሆነ ቅርፊት አውጥቶ የሚመለጠው ላሽ ግን ሐኪም ይየው፤ በማበጠሪያም ይተላለፋልና ማበጠሪያ አትዋዋሱ።

ሹሩባ ለምትሠሩልን እኅቶች የምናሳስበው አንድ ነገር ነው። ተሠሪዋ ቅንድቧን ማንቀሳቀስ ካቃታት ወይም በጆሮዋ አጠገብ ትንንሽ ሽፍታ ከወጣ ፍቱት። ለልጅማ የግንባሩን ፀጉረ ጠርዝ ጨርሶ አትንኩት።