የቴክ ወሬ ከማጋራታችሁ በፊት እንዴት ታጣራላችሁ?

“ዋትስአፕ ሊያስከፍል ነው፤ ይህን መልእክት ለጓደኞቻችሁ ካልላካችሁ አካውንታችሁ ይዘጋል” የምትለዋን ወሬ ብዙዎቻችሁ ሳታውቋት አትቀሩም። መልኳን እየቀየረች በየጊዜው ትመለሳለች። የምትታመነውም ትንሽ እውነት ስላለባት ነው፤ ዋትስአፕ ድሮ በዓመት 1 ዶላር የሚጠጋ ክፍያ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ግን ድርጅቱ ራሱ አስቀርቶታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ የድርጅቱን ድረ ገጽ ወይም አፑን ነው። ክፍያን የሚያህል ነገር በፎርዋርድ አይታወጅም።

ያማረ ፖስተርም ማስረጃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 አይኦኤስ 8 ሲለቀቅ፣ አይፎንን ማይክሮዌቭ ውስጥ አስገብቶ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል የሚል “ዌቭ” የተባለ ሐሰተኛ ማስታወቂያ ተሰራጭቶ ነበር። አሠራሩ ቁርጥ የአፕል ማስታወቂያ ነው። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሳይቀር ውሸት መሆኑን በትዊተር አስጠንቅቋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ አይኦኤስ 7 የጫነ ስልክ ውሃ አያስገባም ተብሎ ተወርቷል። እስቲ አስቡት፤ ውሃ የሚከለክለው ላስቲክና ማጣበቂያ ነው፣ አፕዴት ላስቲክ አይገጥምም! “ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?” ብሎ መጠየቅ ብቻ ስልክ ያድናል።

እኛም ተሸውደን እናውቃለን። አንድ ዲዛይነር ከራሱ ሐሳብ የሠራውን የስልክ ምስል “አዲሱ ሞዴል ወጣ” ብለን ለጥፈን ያረመን አንድ ተከታያችን ነው። ያን ቀን ፖስቱን ዝም ብለን አጠፋነው። እሱም ሌላ ጥፋት ነበር፤ ያጋሩት ሰዎች እርማቱን አላዩትማ። አሁን ስንሳሳት እዚያው ፖስት ላይ ከላይ እርማቱን እንጽፋለን። ፎቶ ሲመጣልን ደግሞ ጎግል ሌንስ ላይ አስገብተን የት የት እንደወጣ እናያለን። “ሾልኮ ወጣ” የተባለን ነገር “ተለቀቀ” ብለን አንጽፍም።

በጣም የምንለምናችሁ ግን ሊንክ ላይ ነው። የታወቀ ድርጅት ሎጎ ለጥፎ “የበዓል ስጦታ፣ ነፃ ኢንተርኔት” የሚል ሊንክ ሲመጣ ሎጎውን ተዉትና አድራሻውን አንብቡ። ባለቤቱን የሚናገረው ከ“ዶት ኮም” በፊት ተጠግቶ ያለው ስም ነው። “ድርጅቱ ዶት ስጦታ ዶት ኮም” የሚል ከሆነ ገጹ የ“ስጦታ” እንጂ የድርጅቱ አይደለም፤ ከፊት ያለውን ስም ማንም እንደፈለገ መጻፍ ይችላል። ገጹ ስልክ ቁጥራችሁን ተቀብሎ ቴሌግራም የላከላችሁን ኮድ ከጠየቀ ደግሞ የሚፈልገው አካውንታችሁን ነው። ኮዱን ያገኘ ሰው በእናንተ ስም ገብቶ ከቤተሰብ ገንዘብ ይለምናል።

ኮዱን ሰጥታችሁ ከሆነ አሁኑኑ ሴቲንግ ውስጥ “ዲቫይስ” የሚለውን ክፈቱ፣ የማታውቁትን ስልክ አስወጡ፣ ከዚያ ባለሁለት ደረጃ ፓስዎርድ አብሩ። ሊንኩን የላካችሁላቸውን ሰዎችም እንዳይከፍቱት ደውላችሁ ንገሯቸው።