የነፋስ ጉተታ በውሃ ገጽ ላይ

የነፋስ ጉተታ፣ ነፋስ በባሕር ወይም በሐይቅ ላይ ሲያልፍ የገጹን ውሃ ይዞ የሚጎትትበት ኃይል ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉተታው አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እጥፍ ይበልጣል፤ ነፋሱ ራሱ ያስነሳው ሞገድ ገጹን ያሻክረዋልና። ነፋሱ ገጹን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚያሳየው የጉተታ መለኪያ ቁጥር በመካከለኛ ነፋስ ከ0.001 ጥቂት ከፍ ይላል፤ በሰከንድ 25 ሜትር ላይ 0.002 ገደማ ይደርሳል። አስገራሚው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ በ2003 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የአውሎ ነፋስ ልኬት፣ ነፋሱ በሰከንድ ከ33 ሜትር ገደማ ሲበልጥ የቁጥሩ እድገት እንደሚቆም አሳይቷል። ምክንያቱ አረፋና ርጭት ሳይሆን አይቀርም።

ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆነ የነፋስ ጉተታ ምሳሌ በክረምት በሶማሊያ ጠረፍ የሚበረታው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ነው፤ የገጹን ውሃ ከጠረፉ እያራቀ ቀዝቃዛውን ከጥልቅ ያወጣል። ከባሕር ርቆ በወለጋ ባለው የፊንጫ ሐይቅ ግን፣ ነፋሱ የሚሮጥበት ርቀት አጭር በመሆኑ፣ ሞገዱ አጭርና ሾጣጣ ይሆናል።