አልዩ አምባ፦ ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው ገበያ

አንኮበርን ሊያይ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ወጥቶ፣ ወደ ምሥራቅ ተመልክቶ ይመለሳል። ከእግሩ ሥር ገደሉ ይጀምራል፤ ሸንተረሩ ዝቅ እያለ ሄዶ ሄዶ ከአፋር ሜዳ ይገጥማል። በዚያ ቁልቁለት ላይ፣ ግራና ቀኟን ሸለቆ ይዟት፣ አልዩ አምባ ትገኛለች። የሸዋ ነገሥታት ታሪክ ሲነገር ስሟ እምብዛም አይነሣም። ያለ እሷ ግን አንኮበር ጨውም ሆነ የባሕር ማዶ ዕቃ የሚያገኝበት በር አልነበረውም።

ቦታዋን የመረጠላት መልክዓ ምድሩ ነው። አንኮበር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል፤ ብርዱ ለግመል አይመችም፤ አቀበቱም አያስወጣትም። ስለዚህ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ አዋሽን የተሻገረ ቅፍለት ቆላው ጫፍ ላይ፣ ፋሬ ሲደርስ ጭነቱን ያራግፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የበቅሎ፣ የአህያና የሸክም ነው። አልዩ አምባ የቆላው ሰው ሳይበርደው የሚወጣባት፣ የደጋውም ሰው ወባን ብዙ ሳይፈራ የሚወርድባት መካከለኛ ስፍራ ነበረች።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ዓርብ ዓርብ እዚህ የሚቆመው ገበያ ብዙ አገር ያገናኝ ነበር። አፋሮች ከአሳል ሐይቅ ጨው ያመጣሉ፤ የደጋው ገበሬ እህሉን ይዞ ይወርዳል፤ አርጎባው ነጋዴም ሸማኔም ነው። ከሐረር የመጡ ነጋዴዎችም እዚያው ኖረው ይነግዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 የመጣው እንግሊዛዊ ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ንዳድ ይዞት በከተማዋ በቆየባቸው ወራት ስለ ሐረር ብዙ የጠየቀው እነዚህን ሰዎች ነው። ሪቻርድ በርተን ሐረር የገባው ከዚያ በኋላ፣ በ1855 ነውና፣ ያቺ የግንብ ከተማ በአውሮፓውያን ዘንድ በወሬ ስትታወቅ አንዱ የወሬው ምንጭ ይህ የይፋት ገበያ ነበር።

ከዚህ ጋር መነገር ያለበት ሌላ ነገር አለ። በአቅራቢያዋ፣ አብዱል ረሱል በሚባለው ስፍራ፣ ሰው ይሸጥ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ ተነድተው የመጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚያው የጨው መንገድ ወደ ባሕር ይወሰዱ ነበር። የገበያዋን ድምቀት ብቻ አውርቶ ይህን መዝለል ታሪኩን መግመስ ነው።

የእንግሊዝ ሕንድ መንግሥት የላከው ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሀሪስም ስጦታውን አስጭኖ የወጣው በዚሁ መስመር ነው። ኅዳር 1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ውሉ ያን ያህል ፍሬ አላፈራም።

ከተማዋን ያዳከማት የመንገድ መቀየር ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1887 ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክን አላገኛቸውም። ንጉሡ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ አዛውረው ነበር፤ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በጥር፣ ደግሞ ሐረርን ይዘዋል። ራምቦ እንጦጦ ሄዶ ሒሳቡን ከጨረሰ በኋላ ወደ ታጁራ አልተመለሰም፤ በሐረር በኩል ወጣ። የነጋዴውም እግር ወደዚያው ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ የፋሬና የአልዩ አምባ በር የዓለም ንግድ መተላለፊያ መሆኑ አከተመ።

አውሮፓውያን ስለዚህች ከተማ የጻፉት በመጻሕፍት ታትሞ ይገኛል። የአርጎባና የአፋር አባቶች የሚያወሩት ግን በቃል ያለ ነው፤ ባለቤቶቹም እያረጁ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ የታሪክ ተማሪዎቹ መቅረጸ ድምፅ ይዘው ይውረዱ። አንባቢም አንኮበር ከሄዱ ከኮረብታው አይመለሱ፤ አልዩ አምባ ድረስ ይውረዱ።