በመስተዋት የተጻፈ ገድል

በጎባና በዲንሾ ዙሪያ ያደገ የባሌ ልጅ የደጋ አጋዘንን መልክ ያውቃል። ጠማማ ቀንዶቹን ወደ ላይ አንሥቶ ከጉም ውስጥ ብቅ ሲል ያየው ሰው ለጥቂት ጊዜ ባለበት ቆሞ ይቀራል። እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አንድ አዳኝ በእንዲህ ያለ እንስሳ ቀንዶች መካከል መስቀል ሲያበራ አየ የሚል አንድ ጥንታዊ ገድል አለ።

አዳኙ ፕላሲዳስ ይባል ነበር፤ በንጉሠ ነገሥት ትራያኖስ ዘመን የሮማ የጦር አለቃ ነበረ ይላል ገድሉ። ከነሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ሲጠመቅ ኤዎስጣቴዎስ ተባለ። በእኛም ስንክሳር መስከረም 27 ቀን ይታሰባል። በ14ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት ከአገራችን መነኵሴ ከአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ጋር ግን አንድ አድርጎ መቍጠር አይገባም።

ይህንን ገድል ፈረንሳዮች በሻርትር ከተማ ካቴድራል በመስተዋት ጽፈውታል። የቀድሞው ሕንፃ አብዛኛው ክፍል በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1194 ዓ.ም. ተቃጠለ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)፤ የአዲሱ ሕንፃ መስኮቶች አብዛኞቹ ከ1200 እስከ 1235 ገደማ ተሠሩ። የኤዎስጣቴዎስን መስኮት የሚያነብ ሰው ከታች ይጀምራል። በታች ፈረስ፣ ውሻና የሚሸሽ አጋዘን አሉ። ከዚያ በላይ ጥምቀቱ፣ ቀጥሎም መከራው ነው፤ የመርከብ አለቃ ሚስቱን ነጠቀው፣ ወንዝ ሲሻገርም አንዱን ልጁን አንበሳ፣ ሌላውን ተኵላ ወሰዱበት። ሀብቱንና ሹመቱን ያጣው የጦር አለቃ ብቻውን ቀረ። ከብዙ ዘመን በኋላ ቤተ ሰቡ ተገናኘ፤ በመጨረሻም ለጣዖት አንሰግድም ስላሉ አራቱም ከነሐስ በተሠራ በሬ ውስጥ ተቃጠሉ። የእኛ መጽሐፍ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ ይህኛው ግን አንባቢውን ቀና እያደረገ ይወስደዋል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። አሸዋና የእንጨት አመድ በእቶን ይቀልጣል፤ ኮባልት ሲገባበት ሰማያዊ፣ መዳብ ሲገባበት ቀይ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ሠዓሊው ዐይንንና የልብስን እጥፋት በጥቍር ቀለም ሥሎ እንደ ገና በእሳት ያስገባዋል፤ ከዚያም ቍርጥራጩን ሁሉ በእርሳስ ያያይዘዋል። ከውጭ ሲያዩት የጠቈረ ነገር ነው፤ ቀለሙ የሚታየው ለገባ ሰው ብቻ ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን መስኮት ጠባብ ስለ ሆነ ገድሉ በግድግዳና በብራና ላይ ተሣለ።

በሻርትር መስኮቶች ግርጌ ጫማ ሰፊዎች፣ ዳቦ ጋጋሪዎችና ውኃ ቀጂዎች ሥራቸውን ሲሠሩ ይታያሉ። ብዙ ዘመን ወጪውን እነርሱ ከፈሉ ሲባል ቈይቷል፤ ይህን የሚጠራጠሩ ሊቃውንትም አሉ። ለእኔ ግን ከፋዩ ማንም ይሁን፣ ውኃ ቀጂ ከቅዱሳን ሥር መሣሉ ትልቅ ነገር ነው።

ጥበቡ ወደ እኛ የመጣው ዘግይቶ ነው። በአዲስ አበባ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መስኮቶች የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በቀለም ያሳያሉ። የአንኮበሩ ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌም አውሮፓን ዞረው ይህን ሙያ ካጠኑ በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም. ለተመረቀው ለአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን መስተዋት ሠሩ። እርሳቸው የሣሉት የቅዱሳንን ሳይሆን የአፍሪካን ሕዝብ መከራና ነፃነት ነው።

መስተዋት ግን ተሰባሪ ነው፤ አንድ ቦምብ የሰባት መቶ ዓመት ሥራ ያጠፋል። ስለዚህ በ1939 ዓ.ም. ጦርነት በቀረበ ጊዜ የሻርትር መስኮቶች አንድ በአንድ ተፈትተው፣ በሣጥን ታሽገው ተሸሸጉ። ሕንፃው ባዶ መስኮቶቹን ይዞ ቀረ። በነሐሴ 1944 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር ሲደርስ፣ ጀርመኖች በካቴድራሉ ውስጥ ሆነው ይመለከቱናል ተብሎ በመድፍ እንዲመታ ታሰበ። ኮሎኔል ዌልቦርን ግሪፍዝ ግን ሳላይ አይሆንም ብሎ ገባ፤ እስከ ደወሉ ቤት ወጥቶ ፈተሸ። አንድም ጠላት አላገኘም፤ መድፉም ተከለከለ። ኮሎኔሉ በዚያው ቀን ሌቭ በተባለች ጎረቤት መንደር ሲዋጋ ሞተ። ከጦርነቱ በኋላ ሣጥኖቹ ተከፈቱ፤ አዳኙም ከነፈረሱና ከነውሾቹ ወደ መስኮቱ ተመለሰ።