ሁለት ጉዞ ወደ ሩቅ ምሥራቅ

እኔ በምኖርበት በየካ አባዶ ወጣቱ ኮሪያን የሚያውቃት በፊልም ነው። በየካ ኮረብታ ሥር ያለው ኮሪያ ሰፈር ግን ስሙን ያገኘው ባሕር አቋርጠው ከሄዱ ሰዎች ነው።

ከእነርሱ በፊት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው በ1924 ዓ.ም. በመርከብ ጃፓን ገብተዋል። ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለ መጽሐፋቸው አቆዩልን። ወጉን ሳይጥል የሠለጠነ ሕዝብ አይተው ለአገራቸው ተመኙ።

በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ደግሞ ከ1 ሺህ በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በባቡር ጅቡቲ ወርደው በአሜሪካ መርከብ ተሳፈሩ። ሦስት ሳምንት ያህል ተጉዘው ፑሳን ደረሱ። ኮሪያን ያወቋት በምሽግና በበረዶ፣ ጃፓንን በቁስለኛ አልጋና በአጭር ዕረፍት ነው። በዘመቻው ከ120 በላይ ወደቁ፤ አንድም አልተማረከም።

የኅሩይ ጉዞ መጽሐፍ ሆነ፤ የብዙው ወታደር ጉዞ ግን በቃል ቀረ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅማ ጠያቂም አጡ። ዛሬ በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ናቸው። አንባቢ ሆይ፣ ዘማች አያት ካለህ ጦርነቱን ብቻ አትጠይቅ፤ ባሕሩን፣ ምግቡን፣ ሰላምታውንም ጠይቅና ጻፍ። ታሪክ የሚቀረው የጻፈው ሲኖር ነውና።