ስለ ጆርጅ የእንግዶች ማረፊያ ቤት

የጥንት ሰዎች ታሪክ የሚገኘው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ የሠሩት ቤትም ምስክር ይሆናል። በሎንዶን ከተማ፥ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ፥ ሳዘርክ በተባለው ሰፈር ያለው ጆርጅ የተባለ መጠጥ ቤት ለዚህ ማስረጃ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከደቡብ እንግሊዝ ወደ ሎንዶን ድልድይ የሚወስደው መንገድ በሳዘርክ ስለሚያልፍ፥ በሰፈሩ ብዙ የመንገደኛ ማረፊያዎች ነበሩ። ባለቅኔው ጄፍሪ ቾሰር ወደ ካንተርበሪ የሚጓዙትን ተሳላሚዎች ያሰባሰበበት ታባርድ የተባለው ቤት የጆርጅ ጎረቤት ነበረ። በ1676 የተነሣው ታላቅ እሳት ሁለቱንም አቃጠላቸው፤ ጆርጅም በ1677 እንደገና ተሠራ። ስለዚህ ሼክስፒር በ1616 የሞተ እንደ መሆኑ መጠን፥ ዛሬ የሚታየውን ቤት ሊያየው አልቻለም።

የቤቱ አሠራር ለአገልግሎቱ የተስማማ ነበር። ሠረገላ የሚገባበት ግቢ በመካከል ሆኖ፥ ቤቶቹ በሦስት ወገን ከበውት ቆሙ። በላይኞቹ ፎቆች ፊት በእንጨት ዐምድ የተደገፈ ረጅም ሰገነት ተዘረጋ፤ እንግዳውም ወደ መኝታው የሚገባው በዚሁ በኩል ነበር።

የጥንት እንግሊዛውያን አናጢዎች ኦክ የተባለውን ጠንካራ ዛፍ ሳይደርቅ ይጠርቡት ነበር። የአንዱን እንጨት ጫፍ ሞርደው በሌላው ቀዳዳ ካስገቡ በኋላ፥ በብረት ምስማር ፈንታ በእንጨት ችንካር ያያይዙታል። እያንዳንዱ እንጨት ቦታው እንዳይሳት ምልክት ይቀረጽበታል። እንጨቱ ሲደርቅ ስለሚኮማተርና ስለሚጣመም፥ በአሮጌ ቤቶች ቀጥ ያለ ምሰሶ ማግኘት ያስቸግራል።

እሳት ያጠፋውን አናጢ መልሶ ሠራው፤ የኋለኛው ዘመን ያፈረሰው ግን አልተመለሰም። በ1836 የምድር ባቡር እስከ ሎንዶን ድልድይ ሲደርስ፥ የሠረገላ ጉዞ እየቀረ ሄደ። ታባርድ በ1873 ፈረሰ። በ1889 ደግሞ የታላቁ ሰሜን ምድር ባቡር ኩባንያ መጋዘን ለመሥራት የጆርጅን ሁለት ወገን አፈረሰ፤ የቀረው የደቡቡ ወገን ብቻ ነው። እርሱም በ1937 ናሽናል ትረስት ለተባለው ቅርስ ጠባቂ ማኅበር ተሰጠ። እነሆ፥ በሎንዶን ሰገነቱን እንደ ያዘ የቀረ የሠረገላ ዘመን ማረፊያ ጆርጅ ብቻ ሲሆን፥ አሁንም ጠጪና በሊታ ይቀበላል።

እንግዲህ አሮጌ ቤት የሚፈርሰው በጥቂት ቀን ነው። ይህ አንድ ወገን ባይተርፍ ኖሮ፥ መንገደኞች እንዴት ያድሩ እንደ ነበር በዓይናችን አይተን የምንረዳበት ሰገነት በሎንዶን ባልኖረም ነበር።